የጥየቃ እሁድ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮህ ኦዳሊስ ጥቁር ባቄላ እየለቀመች ነበር። ስልኩ የጎረቤታችን ነው፤ ገመዱ ረጅም ስለሆነ በመስኮት ያቀብሉናል። የደወለው ልጃችን ሌዎዳን ነው። ለውትድርና ሥልጠና ከገባ አስራ ስምንት ቀኑ ነበር። ስልኩን የተከራየው ከአንድ አስር አለቃ በሦስት ሲጋራ ሲሆን፣ በሦስት ሲጋራ የሚገኘው ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰላምታ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

"እማዬ፣ እሁድ ጥየቃ ተፈቅዷል። ጂንሴንና ሰማያዊ ሸሚዜን አምጪልኝ።"

"ምን ያደርግልሃል? የሚለበስ አልሰጧችሁም?"

"አምጪልኝ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።"

ኦዳሊስ ስልኩን በመስኮት መለሰችና ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። የሚብራራ ነገር አልነበረም። የደንብ ልብስ የለበሰ ምልምል ትልቁ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ የሚጭነው ሾፌር የለም፤ ጂንስ የለበሰን ልጅ ግን ማንም ይጭነዋል። ጫማ አምጡልኝ አላለም። የጫማ ሰፊ ልጅ ስለሆነ ሌላ ጫማ የለውም።

ሥልጠናው አርባ አምስት ቀን ነው። እሁድ ሃያ አንዱ ይሞላል፤ ሃያ አራት ይቀራል። ከሥልጠና የሚጠፋ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሰፈራችን ያውቃል። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በሰላሳኛው ቀን ጠፍቶ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ጂፕ በራቸው ላይ ቆመ። ስምንት ወር አሰሩትና ሲፈታ አገልግሎቱን ከዜሮ አስጀመሩት። ጋጋሪው ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሲሸጥ የሰው ፊት አያይም።

"አይሆንም" አልኳት።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ልብሱን አትወስጂም።"

"ማን ወሰደ?"

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ኦዳሊስ ጥያቄን በጥያቄ ከመለሰች ነገሩ እንዳላለቀ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ተፋተን ነው። ፍርድ ቤቱ አፋታን እንጂ ሌላ ቤት አልሰጠንም፤ ስለዚህ ሳሎኑን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፈልነው። እሷ በመስኮቱ በኩል ሆነች፣ እኔ በበሩ በኩል ጫማ እጠግናለሁ። ምድጃው አንድ ነው። ልጁም አንድ ነው።

ቅዳሜ መብራት ስለሄደ በከሰል አበሰለች። ባቄላና ሩዝ አንድ ላይ፣ ካሳቫ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን፣ ከራሽን የደረሱን ሁለት የዶሮ ታፋዎች፤ አንዱ የሷ ነበር፣ አንዱ የኔ፣ ሁለቱም ሻንጣ ገቡ። አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት ደግሞ እንደታሸገ ውኃ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቀቀለችው፤ እንደዚያ ሲሆን ቡናማ ሆኖ ይጠነክራል፣ ሌዎዳን ደግሞ እሱን ካየ እናቱንም ይረሳል። ከሰሉ ሲያልቅ የአሮጌ ሶል ቁራጭ ሰጠኋት። ጎማ ሲነድ ቤቱ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ሸተተ። ፊቷን ብቻ አዙራ ማማሰሏን ቀጠለች። ደክሟት ነበር።

እሁድ ማለዳ ሻንጣውን በሁለት ጆሮው ለሁለት ይዘን ወጣን። እስከ መገንጠያው በጋሪ ሄድን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ጠበቅን፤ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ ሰባ ሰው ሆነን ተሳፈርን። ከመሳፈራችን በፊት ሾፌሩን በመስኮት አናገርኩት።

"ወደ ወታደር ቤት ነን፣ ልጅ ልንጠይቅ። የት እንደምንወርድ አናውቅም።"

"ሻንጣ የያዙ ሴቶች ስታይ ጣራውን ምታልኝ፣ አባቴ።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሻንጣ የያዙ ሴቶች አየሁና ጣራውን መታሁ።

ረጅም ግንብ ነበር፣ ከላዩ ሽቦ፣ ጥግ ላይ ማማ፣ በሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ወታደር። በግንቡ ጥላ አርባ የሚሆኑ ሴቶችና አምስት የሚያዛጉ ወንዶች ተሰልፈዋል። ምልክት ሰሌዳም ነበረ፤ ፊቱን ወደዚያኛው መንገድ አዙሮ ስለቆመ አላነበብነውም። ኦዳሊስ እንደወረደች፣ ጀርባዋን እንኳን ሳታቃና፣

"መጨረሻዋ ማናት?" አለች።

አንድ እጅ ከፍ አለ። ተራ ያዝን። በኛ አገር ሰልፍ ሲገኝ አስቀድሞ ተራ ይያዛል፤ የምን እንደሆነ ጊዜ ሲኖር ይጠየቃል። እኔ በዚህ ዓይነት የማልፈልገውን ቀለም ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ፈርሜ ወጥቻለሁ።

እጇን ያነሳችው ሴትዮ ኢልዴሊሳ ትባላለች። ስድሳ የሚሆናት፣ የሚታጠፍ በርጩማ ይዛ የምትሰለፍ፣ ነገሩን የለመደች ሴት ናት። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ በርጩማዋን በተረከዟ ገፋ አድርጋ ሳትነሳ ትከተላለች።

"ልጅሽ ነው?" አለቻት ኦዳሊስን።

"አዎ፣ አንድ ልጄ።"

"ስንት ነው?"

"አርባ አምስት ቀን።"

ኢልዴሊሳ በርጩማዋ ላይ ዞራ አየቻት። "አርባ አምስት ቀን! እግዜር ይወድሻል፣ እህቴ። የኔ ዘጠኝ ዓመት ነው።"

ኦዳሊስ ወደ እኔ ተመለከተች። የመኮንኖች ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

"ምን አድርጎ ነው ያንቺ?" አለች ኢልዴሊሳ።

"ምን ያደርጋል፣ አስራ ስምንት ዓመት ሞላው።"

"ውይ! አሁንስ እስኪሞላቸው ነው የሚጠብቁት።"

"ያንቺስ?"

"የኔ በላም ነው።"

"በላም?"

"ሁለት ላም። አንደኛዋ እርጉዝ ነበረች፤ ነገሩን ያከበደችበት እሷ ናት።"

ኦዳሊስ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። ጦሩ እርሻና ከብት እንዳለው እናውቃለን። ለሁለት ላም ዘጠኝ ዓመት እኔም በዛ ብዬ አሰብኩ፤ ግን እርጉዝ ላም እንክብካቤዋ ብዙ ነው።

ፀሐዩ የግንቡን ጥላ እየበላ መጣ። ኢልዴሊሳ ሻንጣ እንዴት እንደሚታሸግ ስታስተምረን ቆየች። ስኳር ከላይ ይሁን፤ ፈታሾቹ ከላይ ያለውን ለራሳቸው ይቀንሳሉ። ሲጋራ ከሩዝ በታች አይሁን፤ ሩዙን በእንጨት ይወጉታል። የተከለከለ ነገር ከሻንጣው ሥር አይደረግም፤ መጀመሪያ የሚያዩት ሥሩን ነው። ይህን ስትል ኦዳሊስ ሻንጣውን ከእግሬ አጠገብ አንስታ በወዲያኛው በኩል አስቀመጠችው። ጥላ የፈለገች መሰለኝ።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ፈታሹ ራሱ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ሩዙን በእንጨት ወጋ፤ ካሳቫውን አሸተተ፤ ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደና ከሻንጣው ሥር ጂንስ አወጣ፣ እንደ መጽሐፍ ተጣጥፎ። ቀጥሎ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣ።

ኦዳሊስን አየኋት። እሷ ማማውን እያየች ነበር።

"ሲቪል ልብስ አይገባም፣ እናቴ" አለ ልጁ። "የታራሚው ስም?"

"የማን?"

"የታራሚው። የታሳሪው።"

"እሱ ታሳሪ አይደለም፣ ወታደር ነው።"

"እዚህ ወታደሮቹ እኛ ነን፣ እናቴ።"

ነገሩ ለመጀመሪያዋ ሴትዮ ገባት፤ ሳቋ ከሰልፉ ራስ ተነስቶ እስከ ጅራቱ ሄደ። ሁለት ሰዓት የቆምነው እስር ቤት በር ላይ ነው። ቀድማን ተፈትሻ መግቢያዋን የምትጠብቀው ኢልዴሊሳ ከበርጩማዋ ሳትነሳ ጉልበቷን መታች።

"አርባ አምስት ቀን ስትል እኮ ጠርጥሬ ነበር! እዚህ አርባ አምስት ቀን መዝገብ ላይ ስም ለመጻፍ ነው የሚፈጀው!"

"ልጅሽ ታዲያ ከብት ጠባቂ አይደለም?" አለች ኦዳሊስ።

"ያለ ፈቃድ የሚያርድ ነው እንጂ፣ የኔ እናት። ቢጠብቃቸው ኖሮ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?" ከዚያ ሳቋን ጠረገችና በአገጯ መንገዱን አሳየችን። "የምልምሎቹ ጣቢያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ የሸንኮራ መመዘኛውን አልፋችሁ። ፍጠኑ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሩዙ እንዳይበላሽ ክዳኑን ክፈቺለት።"

ሦስቱን ኪሎ ሜትር በእግራችን ያዝነው። በግራም በቀኝም ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። የሻንጣው አንድ ጆሮ በሷ እጅ፣ አንዱ በኔ እጅ ነው፤ ስለዚህ ተጣልቶ ለየብቻ መሄድ እንኳን አይቻልም።

"ተስማምተን ነበር" አልኩ።

"አንተ ተስማማህ። እኔ ዝም አልኩ።"

"ልጁ ሊጠፋ ነው፣ ኦዳሊስ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ሻንጣውን ለቀቀችው፤ በኔ በኩል አዘመመ። መንገዱ መሀል ቆመች።

"ስማኝ። ልብሱን ሳልወስድለት ብቀር፣ የሚቆየው እናቱ ስለፈራች ነው። ሃያ አራት ቀን እኔን እየረገመ ይቆያል። በሃያ አምስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ሲመጣበት እኔን ይጠብቃል። ልብሱ እፊቱ ተቀምጦ 'ተዪው' ካለ ግን የራሱ ነው። የራሱን ማንም አይወስድበትም።"

"'ስጪኝ' ካለስ?"

"ያኔ አንተ ታናግረዋለህ። አባቱ አይደለህ?"

ከሰባት ቀን የጫማ ሥራና ከስድስት ሰዓት መንገድ በኋላ ሰው መልስ የሚያወጣበት ቦታ ይደርቃል። ያለኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር።

"እዚያም ይፈትሻሉ" አልኳት፣ ደስ ብሎኝ።

ኦዳሊስ ከወገቤ በታች አየችኝ። ቀና ብላ ፊቴን ሳታይ፣ "ጂንስ ይለጠጣል" አለች።

ሸንኮራው ውስጥ ገባሁ። ልጄ ረጅምና ቀጭን ነው፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ። ጂንሱ እስከ ጉልበቴ በሰላም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔና እግዜር እናውቃለን። ቁልፉ አልደርስ ስላለ በጫማ ክር አሰርኩት፤ የተረፈውን እግሩን ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩና የራሴን ሱሪ ከላይ ለበስኩ። ኦዳሊስ ሸሚዙን በቀሚሷ ሥር ሆዷ ላይ ጠምጥማ ትጠብቀኝ ነበር፤ ስወጣ አይታ ልትስቅ ነበር፤ አቅም አጣች።

የሥልጠናው ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ከሰባት ሰዓት አስር ደቂቃ አልፎ ነበር። ፈታሹ አስር አለቃ ሰዓቱን አየ።

"ዘገያችሁ፣ ጓዶች።"

"ሌላ ቦታ ተሰልፈን ነው" አልኩት።

"እስር ቤቱ ጋ?"

"አዎ።"

"አትፈሩ፣ ሁልጊዜ ነው። በባለፈው ዙር አንዷ እናት ውስጥ ድረስ ገብታ ዶሮዋን ለማታውቀው ሰው አብልታ ነው የመጣችው። እሱም ዝም ብሎ በላላት።" የወተቱን ቆርቆሮ ነቀነቀው። የሩም መጠጥ እንዳይሆን ብሎ በሳንጃው ዙሪያውን ቀደደና አሸተተው። ክዳኑ በትንሽ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ቀረ። "ግቡ። አባቴ፣ እግርዎን አሞዎታል?"

"ሪህ ነው" አልኩት።

ግቢው ውስጥ ባሉት የማንጎ ዛፎች ሥር የሌሎቹ ቤተሰብ ሁሉ በልቶ ጨርሶ አንዳንዱ ተኝቷል። ሌዎዳን ብቻውን ቆሞ ነበር። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በሩን ሲያይ ውሏል፤ አትመጡም ብሎ ቆርጦ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። ጭንቅላቱ ተላጭቷል። ጆሮው የአባቴ ጆሮ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ለአስራ ስምንት ዓመት ፀጉር ሸፍኖት ነበር።

እናቱን አቀፈ። እኔን፣ ሽማግሌው ለማለት፣ "ሽሜ" አለኝና ትከሻዬን መታ። ከዚያ ተቀምጦ በላ። ሁለቱንም የዶሮ ታፋ በላ፤ አጥንቱን ጋጠ፤ ሩዙን በማንኪያ ሳይሆን በማሰሮው ክዳን ዛቀው። ኦዳሊስ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ታያለች። አፉን እንደሞላ ወደ እኔ ዞረ።

"ሽሜ፣ ምን ሆነህ ነው እንደ ዳክዬ የምትሄደው?"

"ሱሪህን ለብሼ ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሩዙ ከአፍንጫው ወጣ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ወራት አልፎታል። የተኙት ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ከዚያ ሳቁ አለቀበት፤ ሣሩን መንጨት ጀመረ።

ኦዳሊስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሱሪው አባትህ ላይ ነው፤ ሸሚዙ እኔ ላይ። አውልቅ ካልከው ያወልቃል። በየት በኩል እንደሚወጣ አንተ ታውቃለህ። ሂድም አልልህም፣ ቅርም አልልህም። ያልከውን አምጥቻለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተም ያለህን በለው።"

በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጂፑ ነበረበት፣ የጋጋሪው ልጅ ነበረበት፣ በርጩማ ይዛ ዘጠኝ ዓመት የምትሰለፈው ኢልዴሊሳም ነበረችበት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እግርህን ምን ሆነሃል?"

ከደረስኩ ጀምሮ የእግሩን ጠርዝ ብቻ እየረገጠ ሲቆም አይቼዋለሁ። ሰውን ከፊቱ በፊት በአቋቋሙ ማወቅ የሥራዬ ጠባይ ነው።

"አርባ አንድ ቁጥር ነው የሰጡኝ" አለ። "እኔ አርባ ሦስት ነኝ። ለመቶ አለቃው ነገርኩት። እግርህ ይለምደዋል አለኝ።"

"አውልቀው።"

ከስክሱን ፈታ። የቀኙ ተረከዝ ተልጦ መድረቅ ጀምሯል። የግራው ካልሲ ግን አልላቀቅ ብሎ ኦዳሊስ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ሲላቀቅ ተረከዙ ላይ የእንቁላል ያህል ቆዳ የለም። ቀይ ነው፤ ዳሩ ቢጫ። ኦዳሊስ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

"ጩኸቱን ለምጄዋለሁ" አለ ሌዎዳን፣ እግሩን እያየ። "ስድቡንም። አንዱ እንኳን ደህና ስድብ ይችላል፣ እየጻፍኩት ነው። ግን በየቀኑ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር በዚህ... ሃያ አራት ቀን አልችልም፣ ሽሜ። ዛሬ እናንተ ስትወጡ ልወጣ ነበር። ትልቁ መንገድ ድረስ ብቻ ከደረስኩ..."

"በዚህ ጫማ?"

"ሌላ የት አለኝ?"

ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ከስክሱን አገላብጬ አየሁት። ቆዳው ደህና ነው፤ ችግሩ ተረከዙን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ በገበሩና በቆዳው መካከል ያለው ደረቅ ካርቶን ነው። እሱ ከውስጥ ከወጣ ጫማው ግማሽ ቁጥር ይሰፋል፣ ተረከዙም ይለሰልሳል። ከውጭ ለሚያይ መቶ አለቃ ግን ያው የመንግሥት ከስክስ ነው። ቤቴ ቢሆን፣ በቢላዬ፣ ለአንዱ ስድስት ደቂቃ። እዚህ ቢላ የለም። የወተቱን ቆርቆሮ ክዳን ገንጥዬ ለሁለት አጠፍኩት፣ በካልሲው ጠቀለልኩት።

ቀኙን ከስክስ አነሳሁ።

ገበሩን ከላይ ቀደድኩ። ካርቶኑን በቆርቆሮው እየፋቅኩ፣ በጥርሴ እየጎተትኩ በቁራጭ በቁራጭ አወጣሁት። ጣዕሙ የእግርና የማስቲሽ ነው። ሌዎዳን የወተቱን ጣፋጭ በጣቱ እየበላ፣ እየሠራሁ አየኝ፤ ትንሽ ሳለ በሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚያየኝ። ኦዳሊስ ግራ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታራግብለታለች። ማንም ስለ ልብሱ አላነሳም። ሥራ በሰው መካከል ሲኖር ሌላ ነገር ማውራት አያስፈልግም። ካርቶኑ ካለቀ በኋላም የገበሩን ጠርዝ አስተካከልኩ። ከዚያ እንደገና አስተካከልኩት። ከዚያ ጣት በሚነካበት በኩል በድንጋይ ቀጠቀጥኩት።

ፊሽካው ሲነፋ አንዱን ከስክስ ብቻ ነበር የጨረስኩት።

ሌዎዳን ቀኙን አጠለቀና መሬቱን መታ። እንደገና መታ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ለቅጽበት ወደቀና የስምንት ዓመት ልጅ ሆነ።

"ኧረ ባክህ! ይሄ እኮ ጫማ ሆነ!"

"ሆነ።"

"ግራውስ?"

"ግራው የሚመጣው እሁድ።"

"አንድ ሳምንት?"

"በቆርቆሮ እየሠራሁ እኮ ነው። ፋብሪካ መሰልኩህ? ካልሲውን እጥፍ አድርገው፣ ሻማ ቀባው።"

ግራውን አጠለቀና ፊቱ ተጨማደደ። ከኋላው ምልምሎቹ እየተሯሯጡ ይሰለፋሉ። ኦዳሊስ ተነሳች።

"ሱሪውስ?" አለችው። መጠየቅ አልነበረባትም፤ ጠየቀች። "ሸሚዙስ? በግልጽ ንገረኝ።"

ልጁ እሷን አየ፣ የኔን እግር አየ፣ ከዚያ የራሱን ቀኝ እግር አየ። ጣቶቹን ውስጥ ሲያንቀሳቅሳቸው በቆዳው ላይ ይታያል።

"ይሄ ሰውዬ አሁን እዚህ ልብሱን ቢያወልቅ በኔ ነው የሚሳቀው" አለ። "ተዪው፣ እማዬ። ሽሜ፣ እሁድ ቢላህን አምጣ። ዳቦ ውስጥ አድርገው። ደሞ በጊዜ ኑ፣ እስር ቤት እንዳትሄዱብኝ።"

ነገራችንን ማን እንደነገረው እንጃ፤ አስር አለቃው ይሆናል። ሮጦ ሄደ። ሮጠ ማለት አይቻልም፤ በቀኙ ሮጠ፣ ግራውን አስከትሎ።

መኪና ለመጠበቅ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጥን። የተቀመጥኩት እንደፈለግኩት ሳይሆን ጂንሱ በፈቀደልኝ መጠን ነው። ኦዳሊስ ባዶውን ማሰሮ በሣር ትጠርጋለች።

"አንድ ተረከዝ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" አለች።

"እንደ ተረከዙ ነው።"

"አርሴንዮ።"

"ስድስት። በቆርቆሮ አስራ አምስት።"

"ሰላሳ አምስት ደቂቃ ነበረህ።"

የሱሪዬን አቧራ አራገፍኩ።

"የባሰው ግራው ነበር። አይተኸዋል።"

"አይቼዋለሁ።"

"ለምን በቀኙ ጀመርክ?"

እጄ የገባው እሱ ነበር ልላት ፈለግኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ የማይሸጥ ውሸት መናገር ድካም ነው። "ሁለቱም ቢስተካከሉለት ትልቁ መንገድ ይደርሳል" አልኳት። "ሁለቱም እንደነበሩ ቢሆኑ ደግሞ እየተሳበም ቢሆን ይሄዳል።"

ኦዳሊስ ማሰሮውን አስቀመጠች። "በቀኙ ምቾት አሳይተህ በግራው አሰርከው።"

"አንድ ሳምንት ነው።"

"እኔ ልጁ ራሱ ይምረጥ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ልብስ ተሸክሜ መጣሁ።"

"መረጠ እኮ።"

"በዚያ እግር?" አለች። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

አራት ቀን አላናገረችኝም። አንድ ምድጃ ላለው ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ባቄላዋ ሲፈላ እኔ አወርደዋለሁ፣ ሩዜን እሷ ታወርደዋለች፣ ምስጋና ግን የለም። በሥራዬ ላይ የመጣልኝ ጫማ ሁሉ የግራ ይመስለኝ ነበር። የአንዲት መምህርት ጫማ ሁለቱን ተረከዝ አድርጌላት፣ ያላመጣችውን ሦስተኛውን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት።

ሐሙስ ስልኩ በመስኮት ገባ። ኦዳሊስ ስታወራ በኮምፔርሳቶው ማዶ ሆኜ ሰማሁ፤ "እሺ"፣ "እሺ"፣ "በላህ?"፣ "እሺ"። ሁለት ደቂቃው አለቀ። ስልኩን መለሰችና ቆመች።

"ግራው እንዴት ነው?" አልኩ።

መስኮቱን ስትዘጋ ሰማሁ።

"ያነክሳል" አለች። "ግን አለ።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ላይ ባቄላ ሲፈላ፣ ለነገው ግራ ከስክስ ቢላዬን ለመሳል በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፊ ቢላ አይደለም፤ ለአስር ደቂቃ ቢሳል ይበቃዋል። ድንጋዩን አረጠብኩ፤ ሳልኩት። ገልብጬ ሳልኩት። ጸጉር ላይ ሞከርኩት፤ ቆረጠ። እንደገና አረጠብኩ። ባቄላው ፈላ፣ ወረደ፣ ሩዙ ተጣደ። አሁንም እየሳልኩ ነበር።

"አርሴንዮ" አለች ኦዳሊስ ከማዶ።

"አቤት።"

"በቃ። ተስሏል።"